ወደ እምዬ አገር፦ የመንዝ ጉዞ ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2012 ዓ.ም.

የእምዬ ሙት ዓመት ቅዳሜ ነው። እምዬ የእናቴ አያት፣ ለእኔ ደግሞ ቅድመ አያቴ ናት። መንዝ ጌራ ምድር ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው መንኩሳ፣ አምና በዚህ ወር እዚያው ተቀበረች። ጎረቤቱ «እማሆይ» እያለ በአንቱታ ይጠራታል። እኛ ልጆቿ ግን «እምዬ» እና «አንቺ» እያልን ነው ያደግነው። እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ከአዲስ አበባ የወጣነው በአጎቴ ጓደኛ አባዱላ ነው። መኪናው ውስጥ ከሰው ዕቃ ይበዛል። ጤፍ በጆንያ፣ ስኳር፣ ቡና፣ ዘይት፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ አንድ ካርቶን ሳሙና። ሳሙናው ለምን እንደሆነ እናቴን ስጠይቃት «ለሚያግዙን ሴቶች» አለችኝ። ጤፉን የጫንነው የእምዬ ቀዬ ደጋ ስለሆነ ነው፤ ጤፍ አይወጣም። እዚያ ሁሉ ነገር ገብስ ነው። እንጀራው ገብስ፣ ጠላው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ። ድግስ ሲሆን ግን የጤፍ እንጀራ ካልቀረበ ሰው ያማል።

እምዬ ስንት ዓመቷ እንደነበር መንገዱን ሙሉ ተከራከርን። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ዕድሜ ማንም አያምነውም፤ ጸሐፊው ፊቷን አይቶ የገመተው ነው። እሷ «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ነው የምትለው። ጣሊያን የገባው በ1928 ነው። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ስለዚህ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተወልዳለች፤ ስትሞትም ዘጠናን አልፋለች። አጎቴ ግን «መቶ ሞልቷታል» ብሎ ሙጭጭ አለ። መቶ ደስ የሚል ቁጥር ከመሆኑ በቀር ሌላ ማስረጃ የለውም።

ዘግይተን ስለወጣን ደብረ ብርሃን አደርን። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋን የቆረቆሯት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፤ ዛሬ ግን ስሟ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ብርዷና ብርድ ልብሷ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው እዚህ ይገባል። አልጋ ያገኘንበት ቤት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ደርቦልን ነበር። እምዬ የፋብሪካውን አትወድም። «ይሞቃል፣ ግን ክብደት የለውም» ትላለች። እሷ የፈተለችውን ባና ስትደርበው ደረትህ ላይ ሰው የተኛ ይመስልሃል። ልጅ ሆኜ መገላበጥ ያቅተኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

መድኃኔዓለም ነው። ገና ሳይነጋ ሰዉ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋል። እናቴ ደጃፉ ላይ ተሳልማ ተመለሰችና ጉዞ ቀጠልን።

ጣርማበር ላይ አጎቴ መኪናውን አስቆመ። ከዚያ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት አይጠገብም። ከታች ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወዲያ የይፋት ቆላ። ዋናው የደሴ መንገድ ጣሊያን በወረራው ጊዜ በሠራው ዋሻ ውስጥ ይገባል። ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እኛ ግን ወደ መሐል ሜዳ ስለምንሄድ ዋሻው ጋ ሳንደርስ ወደ ግራ እንታጠፋለን።

የእምዬ ታላቅ ወንድም በዚያ ዘመን የጣሊያን መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። የከፈሉት ወረቀት ነው። እናታቸው ወረቀቱን ገለባብጣ አየችና «ይሄ ጨው እንኳ አይገዛም» ብላ መለሰችለት። ሰዉ የሚያምነው ጠገራ ብሩን ነበር። አጎታቸው ደግሞ በረሃ ወርዶ በሸዋ ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር ነበር። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ግራ ገባኝ። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ለጣሊያን ሠራተኛ፣ ሌላው አርበኛ። እምዬ ግን ምንም አላሳፈራትም። «አንዱ በቀን ድንጋይ ይሸከምለታል፣ አንዱ በሌሊት ይተኩስበታል፤ ሁለቱም ራት የሚበሉት እኛ ቤት ነበር» አለችኝ። ስለ አምስቱ ዓመት ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንደዚህች አባባል ዘመኑን ቅርብ አድርጎ ያሳየኝ ግን የለም።

መዘዞን አልፈን ጓሳ ስንደርስ ጉም ወረደ። ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ለመኪና ደንታም የላቸው። ስንመለስ እንደምንቆም ተነጋግረን አለፍን። መሐል ሜዳ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሻይ ጠጣን፣ ስኳር ጨመርን፣ ተኛን። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ከመሐል ሜዳ እስከ እምዬ ቤት በእግር ነው። መኪና የሚያስገባ መንገድ አለ ተብለን ነበር፤ የአባዱላው ባለቤት መንገዱን አየውና ሳቀ። አህዮች ተከራይተን ዕቃውን ጫንን። ገብሱ ወደ ቢጫው እያለ ነው። አብረውን የሚሄዱት ሽማግሌ በየማሳው ቆም እያሉ ዛላውን በጣታቸው ይፈትሻሉ። «ውርጭ ካልመታው ዘንድሮ ደህና ነው» ይላሉ። ኅዳር ሳይወጣ ሰማዩ ሌሊት ጥርት ካለ እዚህ አገር ገበሬ እንቅልፍ የለውም።

አያቴ፣ የእምዬ የመጀመሪያ ልጅ፣ ደጃፍ ላይ ጠበቀችን። እሷም ሰባ አምስት አልፏታል። አለቀሰች፣ አለቀስን፣ ከዚያ ወዲያው «ጤፉ ደረቅ ነው ወይስ እርጥበት ነክቶታል?» ብላ ጆንያውን መፈተሽ ጀመረች።

ቤቱ የድንጋይ ነው። ጣሪያው ድሮ የጓሳ ሣር ነበር፤ አጎቴ ከዓመታት በፊት ቆርቆሮ አለበሰው። እምዬ ተቃውማ ነበር። በረዶ ሲጥል ሰው አያነጋግርም፣ ሌሊትም ብርዱን ያስገባል ብላ። እውነቷን ነው፤ ሣሩ የበለጠ ይሞቃል። ግን ሣሩን በየጊዜው መለወጥ ያለበት ሰው አጎቴ ነው፣ እሱም አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ቆርቆሮው አሸነፈ።

ማጀት ውስጥ ወፍጮው አሁንም እንደተተከለ ነው። የታችኛው ድንጋይ መሀሉ ጎድጉዷል። መጁ ደግሞ ከማለቁ የተነሳ አንድ እጅ ይይዘዋል። እምዬ በመጀመሪያው ዶሮ ጩኸት ተነስታ እዚህ ትንበረከክ ነበር። የቤተሰቡን እንጀራ ዱቄት ሳይነጋ ማድረስ ነበረባት። ከዚያ ውሃ። ምንጩ ቁልቁለት ነው፤ ባዶ እንስራ ይዘሽ ትወርጃለሽ፣ ሙሉ እንስራ አዝለሽ ትወጫለሽ። ከዚያ ኩበት መጠፍጠፍ፣ ምክንያቱም እዚህ ደጋ ላይ ዛፍ ብርቅ ነው፤ ያለውም ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ወተት መናጥ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ጉልጓሎ።

እጅ ሲያርፍ ደግሞ ሱፍ አለ። የመንዝ በግ ፀጉሩ ረጅም ነው። ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል። ፈትሉ የሴት ሥራ ነው፣ ሽመናው የወንድ። እምዬ ገበያ ስትሄድ እንኳ እንዝርቷን ይዛ መንገድ ለመንገድ ትፈትላለች። ለሸማኔ የሚበቃ ፈትል እስኪጠራቀም ክረምቱ ያልቃል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ የሚወጣው አንድ ባና ነው።

ሰው እንዲህ ያለች አሮጊት ስትሞት «ቀላል ኑሮ ኖራ አለፈች» ይላል። ፌስቡክ ላይም በሻማ ምልክት ታጅቦ ይለጠፋል። ለእኔ አይዋጥልኝም። ቤቷ ውስጥ ዕቃው ጥቂት ነው እንጂ ሥራው አልነበረም ጥቂት። በሕይወቷ አንድ ነገር ቀለለላት ከተባለ ወፍጮ ቤት መምጣቱ ነው። አንድ ቀን ማታ አጎቴ ሊያጫውታት ብሎ ጠየቃት። «እምዬ፣ ጃንሆይን አይተሻል፣ ደርግን አይተሻል፣ ኢሕአዴግን አይተሻል። ከሁሉም ማን ይሻላል?»

«ወፍጮ ያመጣው» አለች።

«ወፍጮውን ያመጣው እኮ መንግሥት አይደለም፣ ነጋዴ ነው።»

«እንግዲያው እሱ ይንገሥ።»

ማታ ሴቶቹ እንጀራ እየጋገሩ ስለ ሰባ ሰባት ተነሳ። ያኔ ድርቁ ወሎና ትግራይ ብቻ አልነበረም፤ ሰሜን ሸዋንም መንዝንም አዳርሷል። ጎረቤቷ የነገሩኝን ከእምዬ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ለዘር የተቀመጠ አንድ ስልቻ ገብስ ነበራት። ቤት ውስጥ የሚበላ ሲጠፋ ስልቻውን ተንተርሳ መተኛት ጀመረች። ልጅ እያለቀሰ፣ ባሏ እየተቆጣ፣ አልሰጥም አለች። የከብቱ ቆዳ ተሸጠ፣ የጆሮዋ ወርቅ ተሸጠ፣ ስልቻው ግን አልተፈታም። ዝናቡ ሲመለስ መንደሩ ውስጥ ዘር ከነበራቸው ጥቂት ቤቶች አንዱ የእሷ ነበር። ለጎረቤቷም ከዚያው ሰፍራ አበደረች። «በስንት መለሱላት?» አልኳቸው። «በቁና የሰጠችኝን በቁና» አሉኝ። ወለድ የለም። እኔን የሚከብደኝ መስጠቷ ሳይሆን በፊት አለመስጠቷ ነው። የሚያለቅስ ልጅ አጠገቧ አስተኝታ እንዴት እንዳደረች አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ሌሊት ተነስተን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኗል፣ እግር ስር ይንኮሻኮሻል። ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ ላይ ፍትሐት ተደረገ። ቄሶቹ፣ ደብተራዎቹ፣ የቆሎ ተማሪዎቹ ከበው ቆሙ። የዕጣኑ ጢስ ከጉሙ ጋር ተቀላቀለ። ጸሎቱ ሲያልቅ አንዲት ሴት ከመሀል ወጣ ብላ ድምጿን አነሳች፦

«ሱፉም ተነደፈ፣ ፈትሉ ግን አለቀ፣
እጅሽን ሲጠብቅ ሸማኔው ደረቀ።»

አያቴ በእጇ አፏን ሸፈነች። ሸማኔው ራሱ እዚያ ቆሟል። ራሱን ነቀነቀና አንገቱን ደፋ።

ድግሱ በሬ ነበር የታሰበው። በሬውን ልትገዛ ያለችው ታናሽ አክስቴ ናት። ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እምዬ ነች ያሳደገቻት። ግን በዚህ ወር መጀመሪያ ሊባኖስ ውስጥ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ባንኮቹ ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘጉ። ሲከፈቱም ዶላር እንደልብ የሚሰጥ ጠፋ። ደመወዟም ቆመ፣ ገንዘቡም ሳይመጣ ቀረ። ስለዚህ በግ ታረደ። ማንም ቅር አላለውም። እሷ ግን ሌሊት ደውላ «በሬ የሌለው ሙት ዓመት አደረግሁባት» እያለች ስታለቅስ አድራለች።

ዳሱ ውስጥ ቄሶቹ ከበሉ በኋላ ነዳያን ተቀመጡ፣ ቀጥሎ ተማሪዎቹ፣ ከዚያ አገሬው። ጠላው ከጋን እየተቀዳ ነው። ስለ ሟች ደግ ደጉን ማውራት ወግ ነው፤ ብዙውም የትም የሚባል ነው። አንድ ሽማግሌ ግን ሌላ ነገር አነሱ። «ዘጠና ዓመት መንዝ ላይ ኖረው በመሬት ተካስሰው የማያውቁ ሰው እማሆይ ብቻ ናቸው» አሉ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። መንዝን ለማያውቅ ቀልዱ አይገባ ይሆናል። በርስት ዘመን እዚህ አገር ድንበር ገፋህ፣ አልገፋሁም ብሎ ዳኛ ፊት መቆም የወጉ ነው። አባት የጀመረውን ክስ ልጅ ይወርሳል። እምዬም ርስት ነበራት፤ ከአባቷ የመጣ። የአጎቷ ልጆች ቀስ በቀስ አረሱባት። ሽማግሌው እንደሚሉት ስለ ጉዳዩ ስትጠየቅ «ከእኔ ሞፈር የራቀ መሬት ነው» ትል ነበር። በ1967 የካቲት 25 አዋጁ ወጣና ርስት የሚባለው ነገር ቀረ። የተካሰሱትም ያልተካሰሱትም እኩል ሆኑ። ሽማግሌው «ቀድማ ነቅታ ነበር» ብለው ጠላቸውን አነሱ። እኔ ግን መንቃት አይመስለኝም። ጊዜ አልነበራትም፤ ዳኛ ፊት ስትመላለስ ማን ይፈጭላታል?

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ዛሬ ዕቃዋን ተከፋፈልን። ረጅም ሥራ አልነበረም። ቆቧና መቁጠሪያዋ አብረዋት ተቀብረዋል። እንዝርቱን አያቴ ወሰደች፣ ጋኑ ለጎረቤት ተሰጠ፣ ለእኔ አንድ ባና ደረሰኝ። ወፍጮው የማንም አልሆነም፤ ማን ይሸከመዋል? የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ወስዶ ቤቱ ውስጥ ለጌጥ ሊያስቀምጠው ፈልጎ ነበር። አያቴ «እኛን ጉልበታችንን የጨረሰንን ነው ለጌጥ የምታደርገው?» አለችው። ነገሩ በዚያው አበቃ።

ከሰዓት በኋላ እምዬ አዲስ አበባ የመጣችበት ጊዜ እየተነሳ ተሳቀ። የዓይን ሞራዋን ልትገፈፍ መጥታ እኛ ቤት ሰነበተች። ስለ ፎቁም ስለ መኪናውም አንድ ቃል አልተናገረችም። ያስጨነቃት ቧንቧው ነው። ሌሊት ሌሊት እየተነሳች በጨለማ ግድግዳውን እየዳበሰች ሄዳ መዘጋቱን ትፈትሻለች። አንድ ቀን ጠዋት እኔ ጥርሴን ስቦርሽ ውሃውን ከፍቼ ቆምኩ። መጥታ ዘጋችው። ከፈትኩት። ዘጋችው። ከዚያ ምንም ሳትል ጆግ አምጥታ ስሩ ደቀነች።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ወደ መሐል ሜዳ ወርደን፣ አባዱላውን ይዘን፣ ጓሳ ላይ ቆምን። ጉሙ ስለተገፈፈ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ትንሽ ስትራመድ ትንፋሽህ ይቆረጣል። ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል፣ ጦስኙ ሲረገጥ ይሸታል። አብሮን የሄደው የጥበቃ ሠራተኛ በጣቱ ጠቆመን። ጭላዳዎቹ መሀል አንድ ቀይ ቀበሮ ቀስ እያለ ይሄዳል። ግልገል ያዘሉት እናቶች እንኳ አልሸሹም። እሱም አልነካቸውም፤ የሚፈልገው አይጥ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌሉ ሁለት አውሬዎች ናቸው፤ አንድ መስክ ላይ አብረው ይውላሉ።

ይህ ሜዳ ሳይታረስ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። መንዞች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ሲጠብቁት ኖረዋል። የቄሮ ሥርዓት ይባላል። ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ሣር አይታጨድም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ የአስቦና የጌራ ዘር ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከዚያው ሣር ጣሪያ ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለክረምት ገሳ ይሠራል። ከ1967 በኋላ ሥርዓቱ ላልቶ ነበር፤ ነዋሪው መልሶ አጠናከረው።

እምዬ ጓሳ የሚከፈትበትን ቀን ስታነሳ ፊቷ ይለወጥ ነበር። በዘመኗ እንደ በዓል የምታወራለት የሥራ ቀን ያ ብቻ ነው። ሌሊት ይወጣል፣ ስንቁ በሶ ነው፣ ጎረምሶቹ ይሸልላሉ፣ ልጃገረዶቹ ሣሩን እያሰሩ ይሰማሉ። ባሏንም መጀመሪያ ያየችው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው አሉ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ አጎቴ «ውሸት ነው፣ በቤተሰብ ነው የተዳሩት» ብሎ አቋረጣት። ሁለቱም መኪና እስክንገባ ተጨቃጨቁ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ኔትወርኩ መጣ፣ አክስቴም በኢሞ ደወለች። ማን እንደመጣ በስም ማወቅ ፈለገች። እናቴ ከቄሱ ጀምራ መቁጠር ያዘች። ጫጫን አለፍን፣ ገና የላይኛው መንደር ላይ ናት። የቀሩትንም ከነምክንያታቸው ትናገራለች። ሸኖ ላይ ቅቤ ልትገዛ ወረደች፤ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ከነጋዴዋ ጋር መከራከር ጀመረች።

«ስንት አለችሽ?» የአክስቴ ድምፅ ከቤይሩት ይሰማል።

ነገረቻት።

«ውድ ነው፣ ተያት! ይልቅ ጠላው በቃ?»

«በቃ፤ እንዲያውም ተረፈ» አለች እናቴ። ለነጋዴዋ በእጇ ሁለት ኪሎ እንድትመዝን እያመለከተች ነበር።